«መደብ የለም» ሲሉሽ ምን ትጠይቂያለሽ?

እህቴ፣ ሰንጋተራ ካለው መሥሪያ ቤትሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ባንክ ውስጥ ኤልሲ ክፍል (ኤልሲ ባንኩ ስለ አስመጪው ለውጭ ሻጭ የሚገባው የክፍያ ዋስትና ነው) አራት ዓመት ሠርተሻል፤ ዛሬም «ኦፊሰር» ነሽ። የውስጥ ማስታወቂያ ከወጣ ቆይቷል። አለቃሽ «መደብ የለም» ይሉሻል። አብሮሽ የተመረቀው ልጅ ሌላ ባንክ ገብቶ ሲኒየር ተብሏል። አንቺም ሲቪ መላክ ጀምረሻል። «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ነው ጥያቄሽ።

ጉዳዩ የገንዘብ ከሆነ፣ የቤት ኪራዩ መላወሻ ካሳጣሽ፣ ማመልከትሽን ቀጥይ። ማንም አይወቅስሽም። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ጎልቶ የታየኝ «ሁሌ ያው አንድ ዓይነት ሥራ» ያልሽው ነው። ይህን ሲኒየር መባል አይፈታውም። እዚያም ሄደሽ ያንኑ ፎርም ልትሞዪ ትችያለሽ።

እስቲ ጠረጴዛሽን እንየው። አንቺ ማመልከቻ ተቀብለሽ ኤልሲ ትከፍቻለሽ። ሻጩ ክፍያ ለማግኘት ከውጭ የሚልከውን የዕቃና የጭነት ሰነድ የሚመረምሩት ግን ነባሮቹ ናቸው። የክፍሉ ራስ ምታትም፣ እውቀትም ያለው እዚያ ነው። ባንኮች ለኤልሲ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600፣ ባንኩ ሰነዱን የሚመረምርበት ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። የኢንቮይሱ የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር ላይገጥም ይችላል። ዕቃው የመጫኛ ቀኑ አልፎ ተጭኖም ሊሆን ይችላል። ባንኩ ይህን በጊዜው ካላሳወቀ፣ በኋላ «ሰነዱ ጉድለት ነበረው» ብሎ ከመክፈል አያመልጥም። ይህን ቀድማ የምታይ ዓይን የትም ትፈለጋለች።

ስለዚህ አለቃሽ ጋ ስትገቢ የመደቡን ነገር ለጊዜው ተይው። «በሳምንት ሁለት ሰነድ እኔ ቀድሜ ልመርምርና ነባር ሠራተኛ ይይልኝ» በያቸው። በጀት አይፈልግም፤ የቦርድ ውሳኔም አያሻውም። እምቢ ለማለት ይቸግራቸዋል። ያመለጠሽን ሁሉ በማስታወሻ ያዢ።

ታዲያ ጭነት እንዳይሆንብሽ። ይህ ሲጨመር ከያዝሽው ሥራ የተወሰነው ይነሳልሽ። አለበለዚያ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሰው ሆነሽ ቀረሽ ማለት ነው።

የሲዲሲኤስ (የኤልሲ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት) ፈተናስ ላልሽው፣ ጥሩ ነው፤ ግን አትቸኩዪ። ሰነድ በእጅሽ ሳይገባ ንባቡ ይደርቅብሻል። ክፍያውን ባንኩ ይሸፍን እንደሆነም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለመልቀቂያ ብቻ የሚወጣ ይመስለናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። ጥቂት ወር ከመረመርሽ በኋላ ጠይቂ። «ኦፊሰር» ከሚለው ሥር «የኤልሲ ሰነድ ምርመራ» የሚል እንዲገባ አለቃሽ ለሰው ሀብት ክፍል ይጻፉልሽ።

«እስቲ ይታያል» እያሉ ሁለት ሦስት ወር ካስቆጠሩሽ መልሱን አግኝተሻል፤ ሲቪሽን መላክሽን ቀጥይ።