በጉን ንገረው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ክፍል ነው። የግብረ ገብ መምህሩ «ሙስና ምንድን ነው? ቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ አንድ ምሳሌ ጻፉ» ብለዋቸዋል። ቡና እየተፈላ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ስለ ሕዝብ ገንዘብ፣ ስለ ባለሥልጣን ማውራት ጀመርኩ። በ2000 ዓ.ም. በወርቅ ስም ለብሔራዊ ባንክ ስለተሸጠው ብረት ሳይቀር ነገርኩት። ወርቅ ሲባል ልጁ ዓይኑ በራ። ይሄኔ አባቱ፣ የእኔ ልጅ ማለት ነው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አባ፣ በጉን ንገረው እንጂ» አለ።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። ረስቶታል ብዬ ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት።

እናንተ ወጣቶች፣ በተለይ አዲስ ሥራ የያዛችሁና አዲስ ልጅ ያቀፋችሁ፣ ጉቦ አትብሉ ብዬ ቀለም አላባክንም። ታውቁታላችሁ። በጉን ግን ልንገራችሁ።

1991 ዓ.ም. ነው፣ የፋሲካ ሰሞን። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረድ ብላ ባለች ከተማ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነበር። ጂ ፕላስ ዋን። እኔ የአሠሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። ቤተሰቤም እዚያው ከእኔ ጋር ነበር፤ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ብረት ታስሮ አለቀና ተጠርቼ ሄድኩ። ሜትሬን ዘርግቼ የስታፋውን ርቀት ለካሁ። ዲዛይኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይላል። አንዱ ጋ 22፣ አንዱ ጋ 24፣ አንድ ቦታ ደግሞ 27።

ስታፋ የማታውቁ ካላችሁ፣ ምሰሶ ውስጥ የቆሙትን ወፋፍራም ፌሮዎች እንደ ቀበቶ የሚያስሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። በደህና ቀን ሥራ ያላቸው አይመስልም። መሬት ስትንቀጠቀጥ ግን የቆመው ብረት እንዳይጎብጥ፣ አርማታውም ፈነዳድቶ እንዳይረግፍ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ተቋራጭ ብረት መቆጠብ ሲያምረው መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው። ተሸፍነው ስለሚቀሩ ማን ያያቸዋል?

ፎርማኑን «ፍቱትና እንደገና እሰሩት» አልኩት። «ኢንጂነር፣ ከበዓሉ በፊት አርማታውን እንሙላና ሠራተኛው ደሞዙን ይዞ አገሩ ይግባ» ብሎ ለመነኝ። እምቢ ብዬ ሄድኩ። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ፣ ስቅለት ማታ፣ ከስግደት ስመለስ ግቢዬ ውስጥ በግ ታስሯል። ሙክት ነው፣ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ነጭ ሆኖ ግንባሩ ላይ ግራጫ ያለበት። የተቋራጩ ሾፌር በፒክአፕ አምጥቶት «ለልጁ ነው» ብሎ ሄዷል። ባለቤቴ ምን ታድርግ? ልጄ ከእናቱ ሣጥን ቀይ ሪቫን አውጥቶ አንገቱ ላይ አስሮለታል። ስምም አውጥቶለታል። ዳመና።

«አባዬ፣ ሰውየው ለምን በግ ሰጠን?»

«ስለሚወደን ነው።»

«እኔን ያውቀኛል?»

«አያውቅህም።»

«ታዲያ እንዴት ወደደኝ?»

ራት ቀርቧል ብዬ አለፍኩት። ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ አልኩ ለራሴ። ምክር ካላችሁኝ አንዷ እዚህ ጋ ናት። የሚመለስ ነገር በመጣበት ማታ ይመለስ። አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ካደረ ሳር በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ስም አግኝቶ የቤተሰብ አባል ይሆናል።

ቅዳሜ በጠዋት ፎርማኑ አርማታ ለመሙላት የምፈርምበትን ወረቀት ይዞ ከቤቴ በር ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ሳይት ላይ እንጂ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። «ስታፋውስ?» አልኩት። «ሌሊቱን ስንሠራ አድረን ተስተካክሏል፣ ኢንጂነር።» ሳይቱ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ጫማዬን አድርጌ ሄጄ ማየት እችል ነበር። ልጄ የበጉን ገመድ ይዞ አጠገባችን ቆሟል። ፎርማኑ በጉን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም። ፈረምኩ። በጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነበር የፈረምኩት፣ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ማክሰኞ ሳይት ስገባ ምሰሶዎቹ ተሞልተው ካሳ ፎርማውን፣ አርማታው የሚፈስበትን ቅርጽ ማለት ነው፣ እንደለበሱ ቆመዋል። ስታፋው ተስተካክሎ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌባ መሆኔን ባውቀው ይሻለኝ ነበር ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

በጉስ? እሑድ ሌሊት ታረደ። ልጄ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ አለቀሰ፣ ዶሮውን እንጂ በጉን አልነካም አለ። በማግስቱ ቆዳ ገዢው በሰፈር ሲጮህ ቆዳውን አውጥቼ ሸጥኩት። ሪቫኑን እናቱ አጥባ መለሰችው።

ነገሩን ሳስበው አባቴ ትዝ ይለኛል። የመሬት ክርክር ነበረበት፤ ፍርድ ቤት ሲሄድ በቅል ቅቤ ይዞ ነው የሚወጣው። «መተያያ» ይለዋል። ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም፣ ነውር ነው። ዘጠኝ ዓመት ተመላልሶ ቅቤውም አለቀ፣ መሬቱም ሄደ። አባቴን ጉቦ ሰጪ ነበር ብትሉኝ እጣላችኋለሁ። የሰጠው ባህሉ ነው። ግን ይኸው፣ ልጁ በግ ሲመጣለት እጁ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ ሕጉ ዋጋ ያለውን ነገር ያለ ክፍያ ማግኘትን ራሱን የቻለ የሙስና ወንጀል አድርጎታል። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑም ከተቋቋመ፣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስንት ሥልጠና ተሰጥቷል። እኔም ሁለቱን ወስጃለሁ። ስለ በግ ያነሳብኝ አልነበረም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትልቁን ሌባ በስልክ ለመስደብ ማንም አይቀድማችሁም። ወረፋው ሲረዝም ግን ጉዳይ ገዳይ ትፈልጋላችሁ። «ምን ይደረግ፣ ሲስተሙ ነው» ትላላችሁ። በእኛ ጊዜ ሲስተም አልነበረም፣ «ጊዜው ነው» ነበር የምንለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ያኔ ልጆቹን ሰነፍ ብለን ሰደብናቸው። ከዚያ በፊት የተሰረቀ መልስ ሲገዛ ብሩ ከማን ኪስ ይወጣ እንደነበር ግን ወላጅ ለወላጅ አልተጠያየቅንም።

እኔም ብሆን የምመጻደቅበት የለኝም። አምና ለቤቴ ካርታ ጉዳይ ስመላለስ፣ ወረፋ ለያዘልኝ ጥበቃ መቶ ብር ጨብጬ ሰጥቻለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ መቆም አልችልም። ልጄ መኪናውን ሲያቆም አይቶኛል። ዝም አለ። ዝምታው የተለመደ ዝምታ መሆኑን አሁን ነው የተረዳሁት። ባንክ የብድር ክፍል ሲቀጠር «ልጄ፣ የደንበኛ ስጦታ እንዳትቀበል» ብዬ አስቀምጬ መክሬው ነበር። «እሺ አባ» ብሎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ስንት ዓመት በአክብሮት ተርጉሜያት!

ልጅ ምክራችሁን አይሰማም ማለቴ አይደለም፣ ይሰማል። ግን ከምክሩ በፊት በሩ ላይ ማን እንደቆመ፣ በእጁ ምን እንደያዘ አይቷል። ስለዚህ ቢያንስ ከየት መጣ ሲላችሁ አትዋሹት። «ስለሚወደን ነው» ያልኩት ከፊርማዬ እኩል ያሳፍረኛል።

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ነውጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አቅፎ በሌሊት ወጣ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሌሊት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ባዶ ናቸው እያልኩ።

ለልጅ ልጄ ሁሉንም ነገርኩት። አባቱ ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጣል። ልጁ ስለ ዳመና አዘነና ቶሎ ረሳው፤ የያዘው ሌላውን ነው።

«ትምህርት ቤቱ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ልጆች ይማሩበታል?»

«ይማሩበታል።»

«ለምን ሄደህ አትቆጥራቸውም፣ ብረቶቹን?»

ከአርማታ በኋላ ስታፋ አይቆጠርም ልለው ነበር። ለስንት ጀማሪ መሐንዲስ ያልኩት ቃል ነው። ውሸት መሆኑን ግን አውቃለሁ። ምሰሶ ሳይነካ ከላዩ ላይ ብቻ በማስኬድ ውስጥ ያለውን ብረት ርቀት የሚያሳይ መሣሪያ ካለ ቆይቷል። በእጅ የሚያዝ ነው። መሥሪያ ቤታችንም ነበረ፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሌላ ሕንፃ ላይ በእጄ ይዤ ሠርቼበታለሁ። ያኔም መንገዱ ሩቅ አልነበረም።

መሣሪያው ያላችሁ ወጣት መሐንዲሶች ለአንድ ቅዳሜ አውሱኝ። ነዳጁን እኔ እችላለሁ። ልጁም አብሬህ እሄዳለሁ፣ መዝጋቢ እኔ ነኝ ብሏል።