ድሬዳዋ ላይ ለአጥር የሚሆን አበባ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ሳቢያን ሰፈር ለሠራችሁት ቤት የፊት አጥር የሚሆን፣ ሙቀቱን የሚችልና ቀለም የማይለየው ተክል ፈልገሽ፣ «ቡገንቪሊያ ይሻላል፣ ኦሊያንደር ወይስ ሂቢስከስ?» ብለሻል። ትናንሽ ልጆች እንዳሉሽና ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣላችሁም ጽፈሻል። እኔ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አጥር ተክዬ አሳድጌአለሁ። ምክሬ ቡገንቪሊያ ትከዪ ነው።

ኦሊያንደርን ከሐሳብሽ አውጪው። ውብ ነው፣ ጥማትም ይችላል፤ ነገር ግን ቅጠሉም አበባውም ግንዱም ልብን የሚያውክ መርዝ አለበት። ሲደርቅ እንኳ መርዙ አይለቀውም፤ የተቆረጠውን ጭራሮ ማንደድም ጭሱ ይጎዳል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ባለበት ግቢ እንዴት ይተከላል? በዚሁ ምክንያት ቅንጭብንም አልመክርሽም፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። የወፍ ቆሎም አበባው ያምራል፤ ሆኖም ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን በየግጦሹ ይበትኑታል፣ ለከብትም መርዝ ነው።

ሂቢስከስ ጥፋት የለበትም፤ ብቻ ውኃ ይፈልጋል። ማንቆርቆሪያችን ሥር ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬ ውኃም አይስማማውም፤ የእኔዎቹ ቅጠላቸው ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ቢጫ እየሆነ ከሱ። ሐረር ያለችው እህቴ ግቢ ግን ያው ተክል እንደ ልቡ ያብባል፤ እዚያ ከፍታው ከእኛ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይበልጣል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል።

ወደ ቡገንቪሊያ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ተሳስቼ ነበር። በየማታው በባልዲ አጠጣለሁ፣ በየወሩ የፍየል ፍግ እጨምራለሁ፤ ተክሉ አጥሩን አልፎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጣ፣ አበባ ግን አንድም የለውም። በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ የሰፈራችን የውኃ መስመር ተበላሽቶ ለሃያ ቀን ያህል ጠብታ አጣን። የምንጠጣውን በጀሪካን እየገዛን ለአጥር የሚተርፍ ከየት ይመጣል? ቅጠሉ ተጠማዘዘ፣ ከዚያም ረገፈ፤ ሞተ ብዬ አዘንኩ። ወር ሳይሞላ ግን በራቁቱ ቅርንጫፍ ላይ ሐምራዊው ፈነዳ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ተክል ውኃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛል፣ ሲጠማ ወደ አበባ ይዞራል። አንዱን ዘለላ ቀርበሽ ብታዪው፣ እኛ አበባ የምንለው እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ባለቀለም ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከላቸው ያሉት ትንንሽ ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው። ያ ቀለም በድሬ ፀሐይ ሳምንታት የሚቆየውም ቅጠል ስለሆነ ነው።

ችግኙን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በአንድ አንድ ሜትር ርቀት ትከዪ። የፕላስቲኩን ከረጢት በምላጭ ቀድደሽ አውጪ እንጂ ችግኙን በግንዱ አትሳቢው፤ ሥሩ መነካካትን ፈጽሞ አይወድም፣ አፈሩ ከተበተነ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ዓመት ውኃ በመጣ ቁጥር በደንብ አጠጪው። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ብቻ ስጪው። ጥላ ሥር ደግሞ አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል።

እሾህ አለው፤ ልጆች ስላሉሽ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። እኔ በሩ አካባቢ ሁለት ሜትር ያህል ክፍት ትቼአለሁ፣ ወደ ግቢ የሚዘነበለውንም ቅርንጫፍ ወዲያው እቆርጣለሁ። ስትገርዢ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጊ፣ የተቆረጠውንም በዚያው ቀን ሰብስቢ፤ የደረቀው እሾህ ነጠላ ጫማ ይበሳል። ዋናውን ገረዛ አበባው ረግፎ ሲያበቃ አድርጊው፤ አዲሱ አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው።

ቀለም ስትመርጪ ሐምራዊውንና ብርቱካንማውን ጎን ለጎን አትትከዪ። እኔ ይህን አድርጌ ሐምራዊው በአራት ዓመት ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ብርቱካንማውን ከወደድሽው ለብቻው በአንዱ ማዕዘን አድርጊው። ለፊት አጥሩ ችግኝ ግዢ፤ ለጓሮው ግን ስገርዝ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች አስቀምጥልሻለሁ፣ መጥተሽ ውሰጂ።