ቁጥር ወይስ ክብደት? ሁለቱንም ይመዝግቡ

በደቡብ እንግሊዝ ከአንድ የሮማውያን ዘመን የእርሻ መንደር ቁፋሮ የወጣውን ገል «በቁጥር ልመዝግበው ወይስ በክብደት?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ፣ ሁለቱንም። ከደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት ይመጣበት የነበረው ትልቁ አምፎራ (ባለ ሁለት እጀታ የሸክላ ጋን) ባዶውን ወደ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንዱ ብቻ ቢሰበር በክብደት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ስሱ የመጠጫ ዋንጫ ደግሞ ደቅቆ ቁጥሩን ያበዛዋል። ስለዚህ የአፍ ጠርዞችን ለብቻ ይለኩ፦ ገሉን ክቦች በተሰመሩበት ወረቀት ላይ ደፍተው ከሙሉው ክብ ስንት በመቶ እንደሚይዝ ይጻፉ። ድምሩ 100 ሲሞላ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል።

ከዚያ በፊት ግን የጭቃውን ዓይነት ይለዩ። ጠርዙን በፒንሳ በጥቂቱ ቆርሰው አዲሱን ስብራት በ10 እጥፍ ማጉያ ይዩት፤ አሮጌው ስብራት ያታልላል። በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት አውራጃ የሚሠራው የሮማውያን ዘመን ጥቁር ድስት ከሆነ የኳርትዝ አሸዋው እንደ ስኳር ታጭቆ ይታያል። እንደ አገራችን ጀበናና ድስት በእጅ የተሠራ እንጂ በመንኮራኩር የዞረ አይደለም፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ውጪው ላይ ጥላሸት ካለ በፍጹም በብሩሽ አይፈትጉት። እሳት ላይ መጣዱን የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ታጥቦ ከሄደ አይመለስም።

የወጣበትን የአፈር ንብርብር ቁጥርም ከረጢቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በገሉ ላይ ጭምር ይጻፉ። ከረጢት ይቀደዳል።