ሐኪሟን መዳፉ ውስጥ ያስገባው ታካሚ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ትሪለር ልቦለድ ጀምሬ አጋምሼዋለሁ፣ ዋናዋ ገፀ ባሕርይ እዚሁ ማርቆስ የምትሠራ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ናት፣ ሰው ገድለሃል ተብሎ የተከሰሰ ታካሚ አእምሮው የታወከ መስሎ ቀስ በቀስ መዳፉ ውስጥ ያስገባታል። ጓደኞቼ አነበቡትና "ይህን ያህል የተማረች ሴት እንዲህ አትሸወድም፣ ጅል አረግሃት እኮ" ብለው ሳቁብኝ። እውነት ሐኪም ይታለላል ወይ? ደሞ በሂፕኖቲዝም አስተኝታው እውነቱን የምታወጣበት ምዕራፍ አለኝ፣ እሱስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐኪም ይታለላል፣ ያውም በደንብ። ጓደኞችህ የሳቁት ግን ያለነገር አይመስለኝም፣ ምናልባት ሐኪምህ የምትታለለው ታካሚው ስለሚዋሽ ብቻ ይሆናል። ውሸትማ በየቀኑ የምትሰማው ነው፣ ለምዳዋለች።

ስለ ሂፕኖቲዝሙ ልጀምር። በፈረንጆቹ 1979 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ኬኔት ቢያንኪ የሚባል ሰው ሴቶችን ገድለሃል ተብሎ ተያዘ፣ በሂፕኖቲዝም ሲያስተኙት "ስቲቭ" የሚባል ሌላ ማንነት ከውስጡ ወጣና ገዳዩ እኔ ነኝ አለ። ከመረመሩት ባለሙያዎች ያመኑት ነበሩ፣ እነሱም ስመ ጥር ሰዎች ናቸው እንጅ ጀማሪዎች አይደሉም! ማርቲን ኦርን የሚባለው ሳይካትሪስት ግን ወጥመድ ዘረጋ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ "እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በላይ ማንነት ነው የሚኖረው" አለው፣ ብዙም ሳይቆይ "ቢሊ" የሚባል ሦስተኛ ሰው ብቅ አለ። ጠበቃህ እዚህ ተቀምጧል ሲለው ደግሞ ባዶውን ወንበር እጅ ሊጨብጥ ተነሣ፣ ማስመሰሉን አበዛው። ሰውየው ቀድሞ በሰው የትምህርት ማስረጃ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ ብሎ ቢሮ የከፈተ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከሞት ቅጣት ለማምለጥ ጥፋቱን አመነ። እና ሰው በሂፕኖቲዝም ውስጥ ሆኖም ይዋሻል፣ ያንን ምዕራፍ በተቃራኒው አድርገው፣ እሷ እውነቱን አገኘሁ ብላ ደስ ሲላት እሱ የፈለገውን ያሰማት።

አሁን ወደ ዋናው። ብልጥ ታካሚ ሐኪምን የሚይዛት በደግነቷና በኩራቷ ነው። "ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ" ይላታል፣ ሌላው ሐኪም አልገባውም ነበር አንቺ ግን… ይላታል፣ እሷም ሰው ናትና ደስ ይላታል። ከዚያ ቀጠሮው አሥር ደቂቃ ይረዝማል፣ ከዚያ ስልኳን ትሰጠዋለች (ለድንገተኛ ብቻ ብላ)፣ ከዚያ አንድ ቀን መዝገቡ ላይ መጻፍ የነበረባትን ነገር ሳትጽፍ ትቀራለች፣ ያን ቀን ተያዘች በቃ፣ ምክንያቱም አሁን ሁለቱም የሚደብቁት ነገር አላቸው። ከነርሷ ጋርም ያጣላት፣ ነርሷ እውነቱን ቀድማ ያየች ትሁን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን የአእምሮ ሕክምና በአብዛኛው የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ስለሆኑ ያስኬዳል።

ደሞ ማርቆስን ለምን አልተጠቀምክባትም? ያንተ ታካሚ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም እኮ፣ የሐኪሟ እናት የየትኛው ደብር ማኅበርተኛ እንደሆኑ፣ ልጇ የት እንደሚማር፣ ባሏ ለምን ባሕር ዳር እንደቀረ ቡና ላይ ይሰማዋል። ጠበሉም አለልህ፣ ለቤተሰቦቹ "ዶክተሯ ጠበል ተው አለችኝ" ይበል፣ ለእሷ ደግሞ "መድኃኒቱን ቤተሰብ ከለከለኝ" ይበላት፣ ሁለቱ ወገን ሲጣሉ እሱ መሃል ቁጭ ብሎ ይመልከት። ብቻ አጥማቂውን ካህን ክፉ አታርግብኝ፣ ሰለቸን፣ ብዙ ሰው ጠበሉንም ክኒኑንም አብሮ ነው የሚወስደው። ታካሚውም አስመሳይ መሆኑ ግልጽ ይውጣ፣ በእውነት የታመሙትማ አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከባሕር ዳር ነኝ፣ ታካሚ "እገሊትን እገድላታለሁ" ብሎ ለሐኪሙ ቢነግር ሐኪሙ ዝም ይላል ወይስ ይናገራል? ፊልም ላይ ሁሌ ዝም ሲሉ አያለሁ ያናድደኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የታወቀ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ በፈረንጆቹ 1969፣ አንድ ተማሪ ታቲያና ታራሶፍ የምትባል ወጣት እንደሚገድል ለሥነ ልቦና ሐኪሙ ተናገረ። ሐኪሙ ዝም አላለም፣ ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፣ ፖሊሶቹ ያዙት፣ አነጋገሩት፣ ጤነኛ መስሎ ታያቸው፣ እንዳትጠጋት ብለው ለቀቁት። ለእሷም ለወላጆቿም ማንም አልነገራቸውም፣ በጥቅምት ወር ገደላት። ወላጆቿ ከሰሱ፣ በ1976 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐኪም በታካሚው ዛቻ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። እኛ ዘንድ ደግሞ የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ለመናገር ቢያመነታ ፈሪ ነው ብለሽ አትቸኩይበት፣ ግን ቢያንስ ከፍ ላለ ሐኪም ሳያማክር ቤቱ ሂዶ የሚተኛ ከሆነ ያኔ ተናደጂ።