ለድሮ መኪና ባለ 6 ቮልት ባትሪ በተመጣጣኝ ዋጋ

የ1964 ሞዴል ቮልስህ ባትሪ ደክሞብህ፣ «ለጥንታዊ መኪና» ተብሎ የሚሸጠው ባለ 6 ቮልት ደግሞ ዋጋው አልቀመስ ብሎህ፣ የጎልፍ ሜዳ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀሃል። ርካሽ አማራጭ አለ፤ የጎልፉ ግን ለቮልስ አይሆንም።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ባትሪው በእርግጥ መሞቱን አረጋግጥ። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ጥቂት ሰዓት አሳርፈውና በቴስተር ለካው። 6.3 ቮልትና ከዚያ በላይ ካለው ሞልቷል። 4.2 አካባቢ ካሳየህ ከሦስቱ ሴሎች አንዱ ሾርት ሆኗል፤ መቀየር ብቻ ነው። 6.3 እያሳየም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲያስነሳ አንተ ለካ። የባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ከ4.8 በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ካልወረደ ቁልፉ እንደተያዘ ቴስተሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን፣ ቀጥሎም ከኔጋቲቩ ጫፍ እስከ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) አካል ዘርጋ። የቴስተሩ ጫፍ ማሰሪያውን ሳይሆን ራሱን የእርሳሱን ጫፍ ይንካ። በአንዱም ቢሆን ከ0.25 ቮልት በላይ ካነበብክ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ችግርህ አይለቅህም።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። ያንኑ ጉልበት ለማግኘት 6 ቮልት ከ12 ቮልቱ እጥፍ አምፔር ይስባል። በገመድ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ለ12ቱ ኢምንት ነው፤ ለ6ቱ ግን ከጠቅላላው አንድ አሥራ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የ12 ቮልት መኪና ቀጭን ኬብል ተገጥሞበት ከሆነ አውጣውና 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ የወፈረ መዳብ ቀይርበት። ቮልስ ላይ በተለይ የሚረሳው ካምቢዮውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመልሰው) ነው። ካምቢዮው የተቀመጠው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የላስቲክ ትራስ ላይ ስለሆነ ሽቦው ሲዝግ የሞተሪኖው መመለሻ መንገድ ይዘጋል።

ባትሪው ራሱ ከሆነ ጥፋተኛው፣ ስያሜውን ትተህ ልኩን ግዛ። «ለጥንታዊ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚወደደው ለላይኛው መልኩ ነው፤ ጥቁር ሣጥን፣ ላዩ ሬንጅ የተቀባ። ውስጡ ያው ሦስት ሴል እርሳስና አሲድ ነው። ለቮልስ ልኩ 19ኤል የሚባለው ነው፤ በግምት 216 በ178፣ ቁመቱ 191 ሚሊ ሜትር። ትልልቆቹ የድሮ መኪኖች በብዛት ቁጥር 1 (232 በ181 በ238) ወይም ቁጥር 2 (264 በ181 በ238) ይወስዳሉ፤ እነዚህ ልኮች ለድሮ ትራክተርም ስለሚሠሩ የእርሻ ዕቃ ከሚሸጥበት ጠይቅ፣ ዋጋው ይቀንሳል። ሁለት ባትሪ ስታወዳድር ሞተር የሚያስነሣበትን አምፔርና የተመረተበትን ወር ተመልከት። መደርደሪያ ላይ ከስድስት ወር በላይ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ሰልፌት (የእርሳሱን ሰሌዳ የሚሸፍን ጠጣር ቅርፊት) ይዞ ይሆናልና በቅናሽም አትውሰደው። አሲድ ያልተጨመረበት ደረቅ ካገኘህ የተሻለ ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረው አሲዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ሞልተህ ግማሽ ሰዓት አቆየውና ቻርጅ አድርገው።

የጎልፉ ባትሪ 6 ቮልት መሆኑ እውነት ነው፤ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ቁመቱ ወደ 270 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ፣ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ሁለቱን ጫፎች ያገናኝና እሳት ይነሣል። ሣጥኑ ሰፊ ለሆነ የድሮ የጭነት መኪና ግን ይሆናል፤ ያገለገለ ከሆነ እያንዳንዱን ሴል በአሲድ መለኪያ ፈትሽ። ሙሉ ቻርጅ ላይ የአሲዱ ጥግግት 1.265 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ በሴሎቹ መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካየህ ተወው።

ባለ 8 ቮልት ግጠም የሚልህን አትስማ። ለመሙላት ከ9 ቮልት በላይ ስለሚፈልግ ሬጉሌተሩን (የሚሞላበትን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ማዛባት ግድ ይሆናል፤ ያኔ አምፖልና ሬዲዮ ይቃጠላል። የድንገተኛ መብራት ትንንሽ ባትሪዎችም ሞተሪኖ አያዞሩም።

ቻርጀሩ የ6 ቮልት ይሁን፤ ከ7.2 እስከ 7.4 ቮልት ይበቃዋል፣ የ12ቱ አሲዱን ያፈላዋል። ባትሪህ 66 አምፔር ሰዓት ከሆነ ከ6 እስከ 7 አምፔር ሙላው። ሌላው ደግሞ ማሳ ነው፦ ቮልስ ኔጋቲቭ ማሳ ነው፤ ብዙ የድሮ የአሜሪካና የእንግሊዝ መኪኖች ግን ፖዘቲቩን ነው ማሳ የሚያስሩት። ኬብሉን ሳትፈታ ምልክት አድርግበት። ገጥመህ ስትጨርስ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ክዳን ጫፎቹ ላይ አድርግ፤ መቀመጫውን መልሰህ በጉልበትህ ተጫነውና ሞላው ክዳኑን መንካት አለመንካቱን በባትሪ መብራት እይ።