«ገባኝ» ያሉኝ እናት

ልጆቼ፣

ማይክ ከጨበጣችሁ ገና ሁለትና ሦስት ዓመታችሁ ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ምክር ጻፍልን ስላላችሁኝ አንድ ያላለቀ ጉዳዬን ልንገራችሁ።

በ2008 ክረምት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አተት ገብቷል። እኔ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና አርታኢ ነበርኩ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አድማጭ በስልክ የሚገባበትን የጤና ፕሮግራም እመራለሁ። አንዲት እናት ደወሉ። ድምፃቸው የረጋ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ አተት የምትሉት ነገር ኮሌራ ነው አይደል?» አሉኝ።

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል አየኝ። እኔም አየሁት። «እማማ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ገባኝ» ብለው ዘጉት።

«ኮሌራ አትበሉ» ብሎ በወረቀት የጻፈልኝ ሰው የለም። የሚባለውና የማይባለው እንዲሁ ይታወቅ ነበር። ስሙ ከተጠራ ቱሪስት ይቀራል፣ ወደ ውጭ የምንልከው ዕቃ ይመለሳል የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከላይ ይጀምርና እኛ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እኛም ሳንጠየቅ እንታዘዛለን።

ፍትሐዊ ልሁን። አተት የውሸት ቃል አይደለም። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ «ኮሌራ ነው» ብሎ ማወጅም ጋዜጠኝነት አይደለም። ግን «ናሙና ተልኳል፣ ውጤቱን እንደሰማን እንነግራችኋለን» ማለት ይቻል ነበር። አላልንም። ለጊዜው የተሰጠው ስም ለዓመታት ቋሚ ሆኖ ቀረ። ውኃ አፍሉ አልን፣ ውኃ አጋር ጨምሩ አልን፣ እጃችሁን ታጠቡ አልን። ምክሩ ትክክል ነበር። ስሙ ግን ትንሽ ነበር። ተቅማጥ ማንን ያስደነግጣል? ማን ቤት ያልገባ ነገር ነው? «ነገ ይሻለዋል» ብሎ የሚያድር አለ። የጠና ኮሌራ ደግሞ ነገን አይጠብቅም። የሰውነትን ውኃ አሟጦ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በጊዜ ያገኘ ሰው ግን ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ይተርፋል። እንግዲህ በስሙና በሕክምናው መካከል ያለችውን ሰዓት አስቧት።

በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንደገና ሲነሳ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ኮሌራን ኮሌራ ብሎ ጠራው። ሰማይ አልተደፋም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሐበሻ ጆሮ ሰምና ወርቅ ለምዷል። ቃሉን ትሰጠዋለህ፣ እሱ ከስር የተቀበረውን ይቆፍራል። ለቅኔ እሰየው ነው። ለዜና ግን መርዝ ነው። እኛ በአተት ጊዜ አድማጩን ዜና እንዲፈታ አስተማርነው። አንዴ መፍታት የለመደ ሰው ደግሞ እውነቱን ስትነግረውም ይፈታል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው፣ የመጣው ከቡርኪናፋሶ ነው ተባለ። አገር ውስጥ የገባበት ቀን ሳይቀር ተገለጸ። ከዚያም ጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥሩን ያወጡ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእያንዳንዱ ታማሚ ዕድሜና የጉዞ ታሪክ ይነገር ነበር። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ግልጽነት አላየሁም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? ከኋላዬ ያለው ሰው «አንድ ካሉ መቶ ነው» አለ። አጠገቡ ያለው «ምንም የለም ባክህ፣ ምርጫውን ሊያራዝሙ ነው» አለው። አንድ ዜና፣ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የተባለው ነገር የተባለው አይደለም። ዞር ብዬ መከራከር አማረኝ። የእማማ «ገባኝ» ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሁሉን በመንግሥት አላሳብብም። በዚያው መጋቢት ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት የምርምር የመጀመሪያ ደረጃውን አለፈ የሚል መግለጫ ወጣ። ሙከራው ገና ነበር። እኛ ክፍል ያለ አንድ ልጅ ርዕሱን «የኮሮና መድኃኒት ተገኘ» አደረገው። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር እንዳልል፣ አልደከመኝም። ደስ ብሎኝ ነው። እንዲሆን የምትፈልጉትን ዜና ስታገኙ ሁለቴ አንብቡ፣ እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ በደማቅ ድምፅ ተነበበ። ማስተካከያው በማግሥቱ ቀትር ላይ ወጣ። ሁለት አረፍተ ነገር ናት፣ ከአየር ጠባዩ በፊት የተወሸቀች። ያንን ዜና ማታ የሰማ ስንቱ ነው ቀን የሰማን? የስህተታችሁን ማስተካከያ ስህተቱ በወጣበት ሰዓት፣ ያነበበው ሰው ራሱ ያንብበው። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ማፈሩ ራሱ ይሰማል፤ አድማጭ «እነዚህስ ሲሳሳቱም ይናገራሉ» የሚለው ያኔ ነው።

(ለኮሮና ፍቱን ነው የተባለውን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተዉት። የኛ ሰፈር ገበያ ውስጥ ዋጋው ሲሰቀል ባለቤቴ «እናንተ ናችሁ» እያለች አንድ ወር ወቅሳኛለች። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም።)

ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የታየው ሕመም ገና በጥርጣሬ ደረጃ እያለ ተነገረ። በላቦራቶሪ ተረጋግጦ የማርበርግ ቫይረስ መባሉም የቀናት ጉዳይ ነበር። ያን ቀን ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ሰማሁት። «እስካሁን አልታወቀም» የምትል ቃል ያለምንም ማፈር ስትነገርም ሰማሁ። ይህችን ቃል አትፍሯት። እኛ የማናውቀው ነገር ሲኖር ድምፃችንን ነበር የምናወፍረው።

ጣቢያችን ውስጥ የደዋዮች ስልክ የሚመዘገብበት ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነበር። የእማማ ቁጥርም እዚያ ሰፍሯል። በ2011 ኮሌራ በስሙ ሲጠራ ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። ልደውልላቸው አስቤ ጫፉን አጠፍኩት። የዚያ ቀን የማታ ዜና ደረሰብኝ። በማግሥቱ ሌላ ነገር መጣ። ደብተሩ ገጹ እንደታጠፈ ጣቢያው ውስጥ ቀረ።