ውሻዬ አልነከሳቸውም፤ ታዲያ ካሳ እከፍላለሁ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። በር በተንኳኳ ቁጥር ይጮኻል፤ የገባው ሰው ላይ ሁሉ ይዘላል። ነክሶ ግን አያውቅም፣ ፍቅሩ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ጎረቤታችንን ለቡና ጠርቻቸው ሲመጡ በሩ ተከፈተና ቡቺ ዘለለባቸው። ውዱእ አድርገው ስለነበር እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ሲሉ ከደረጃው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወስጄ አሳክሜያቸዋለሁ፤ በሽማግሌም ጨርሰን ነበር። አሁን ልጃቸው ከኮምቦልቻ መጥቶ እጃቸው በትክክል ስላልገጠመ አዲስ አበባ ሄደው ኦፕሬሽን ይደረጉ፣ ወጪውን ቻሉ፣ እንጀራ ሸጠው ያገኙ የነበረውንም ክፈሉ ይላል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይመጣሉ። ውሻው አልነከሳቸውም። በራችን ላይ ‘ውሻ አለ’ የሚል ጽሑፍ አለ። ባይሸሹ ደግሞ አይወድቁም ነበር። በሕግ እጠየቃለሁ?» ነ. ከደሴ

መልስ፦ አዎ፣ ይጠየቃሉ። ይህን ቀድሜ ልንገርዎትና፣ እህቴ፣ ከዚያ ወዳልጻፉልኝ ነገር እንሄዳለን። የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን ኃላፊነቱ አይቀርም። «የነከሰ» አይልም፤ «ጉዳት» ነው የሚለው። ዘሎ የጣለ ውሻም ጉዳት አድርሷል። በፍቅር ዘለለ በቁጣ፣ የተሰበረው አንጓ ያው ነው። ውሻው የዘመድ አደራ ቢሆን እንኳ በእጁ ይዞ የሚያኖረው ሰው ይጠየቅ ነበር። «ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍም አያድንዎትም። ለቡና ጠርተዋቸው የመጡ ጎረቤት ናቸው፤ አጥር ዘለው የገቡ አይደሉም።

አንድ መከላከያ አለ፤ የተጎጂው ጥፋት። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካስረዱ ኃላፊነትዎ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። «ባይሸሹ አይወድቁም ነበር» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ነገር ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳይደግሙት እለምንዎታለሁ። ውሻ ዘሎባቸው ወደ ኋላ ያሉ ሰው ምን አጠፉ? ደሴ ላይ ነው ያለነው። ሊሰግድ ውዱእ ያደረገ ሰው የውሻ ምራቅ እንዳይነካው እንደሚሸሽ እርስዎም ያውቃሉ፣ ዳኛውም ያውቃል። ይህ ክርክር አያዋጣም፤ ጉርብትናውንም ይጎዳል።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር ልምጣ።

«በሩ ተከፈተ» ብለዋል። ማን ከፈተው? ልጅዎ ነው? ሠራተኛዋ ናት? እርስዎ ራስዎ ነዎት? በእኛ ሰፈር ሰው ውሻ ያለበትን ግቢ ዝም ብሎ አይገባም፤ «ኧረ ውሻ ያዙልኝ!» ይላል። ጎረቤትዎም ያን ያህል ዘመን የሚያውቁትን ቡቺ ሳያስይዙ ገቡ ማለት ይከብደኛል። እናም የምፈራው መልሱን ነው። ከውስጥ አንድ ሰው «ግቡ፣ ግቡ፣ አይነካም!» ብሏል?

ይህች አነጋገር ደጃፍ ላይ ቀላል ናት፤ ችሎት ውስጥ ግን ትከብዳለች። አንደኛ፣ እንግዳዋ ፈርተው እንደነበር እና እርስዎም ፍርሃታቸውን እንደሰሙ ትመሰክራለች። ሁለተኛ፣ ውሻውን መያዝ ሲችሉ እንዳልያዙ ታሳያለች። በዚያ ላይ በደብዳቤዎ «የገባው ሰው ላይ ሁሉ ይዘላል» ብለው ጽፈዋል። እርስዎ ውሻዎን ነፃ የሚያወጣው መስሎዎት ነው የጻፉት። እኔ የተጎጂዋ ጠበቃ ብሆን ግን የማሰምርበት ይችን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልማዱን እያወቁ አላሰሩትም ማለት ነውና። ያለ ጥፋት ኃላፊ መሆን አንድ ነገር ነው። በጥፋት ኃላፊ መሆን ደግሞ ሌላ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት የእንስሳውን ባለቤትነት ለተጎጂው ለቅቆ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል ይላል። አንዳንድ ሰው ይህን ይሰማና «እንግዲያው ውሻውን ውሰዱት!» ብሎ የተገላገለ ይመስለዋል። ግን ባለቤቱ ወይም እሱ የሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ካለበት ይህ መውጫ ዝግ ነው። የእርስዎ ደግሞ የተዘጋ ይመስለኛል። ከባድ ቸልተኝነት አለ ከተባለም የወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት አካል መጉዳትን እንደሚቀጣ አይርሱ። ስለዚህ ያን ዕለት በሩ ላይ ማን ምን እንዳለ እውነቱን ለጠበቃዎ ይንገሩ። ለእኔ በደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ ፊት ለፊት ይንገሩ።

ሁለተኛው ያልጻፉት ነገር ከዚህ ይብሳል። «በሽማግሌ ጨርሰን ነበር» ብለው አልፈውታል። በምን ጨረሳችሁ? ወረቀት ተጽፏል? ፈርመዋል? ምን ይላል? ቅጂው በእጅዎ አለ?

ተጽፏል ብዬ እገምታለሁ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ወረቀት ደጋግሜ ስላየሁ ቃሉን ሳላነበው ልነግርዎ እችላለሁ፦ «ለደረሰባቸው ጉዳት ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ፣ እስኪድኑ ድረስ ማንኛውንም ወጪ ልሸፍን ተስማምቻለሁ።» ከታች ፊርማ፣ ከጎኑ የምስክሮች ስም፣ የሽማግሌዎች ምርቃት። ሁሉም በቅን ልቦና ነው። ሽማግሌው ጠብ እንዲበርድ ይፈልጋል። ፈራሚው ደግሞ ሰው ደጁ ላይ ተሰብሮበት አንገቱን ደፍቷል፤ «ወጪ ምን ያህል ይሆናል ብላችሁ ነው» ይላል። እኔ ጋ መጥተው ከሚያለቅሱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት በሕጉ አይደለም፤ በዚህ ወረቀት ነው።

እስኪ ቃሉን ቀስ ብለን እንየው። «ማንኛውንም ወጪ» ማለት ምንድነው? የሆስፒታሉ ራጅና ጀሶ ብቻ ነው? የወጌሻውስ? የአዲስ አበባ ትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ማደሪያ፣ የግል ክሊኒክስ? «እስኪድኑ ድረስ» የሚለውስ? ማን ነው ድነዋል የሚለው፣ ሐኪሙ ወይስ እሳቸው? በዕድሜ የገፋ ሰው አንጓ ብርድ በመጣ ቁጥር ሊጠዘጥዝ ይችላል። የደሴን ብርድ ደግሞ እናውቀዋለን። በወረቀቱ ቃል ከሄድን ዕዳው መቼ ነው የሚያልቀው?

ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይህ ሁሉ ልክ ነበረው። ካሳ የሚሰላው በደረሰው ጉዳት መጠን ነው። ከሳሿ ወጪያቸውን በደረሰኝ፣ የቀረባቸውን ገቢ በማስረጃ ያስረዳሉ። የሞራል ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ተጎጂም ጉዳቱ እንዳይባባስ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ክሱም በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወረቀቱን ሲፈርሙ ግን ነገሩ ወደ ውል ሊዞር ይችላል። በውል የመጣ ግዴታ ደግሞ በመደበኛው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። 2 ዓመት የነበረው 10 ዓመት ሆነ ማለት ነው፤ በአንድ ፊርማ።

ሌላም አለ። ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ተሰጣጥተውና ተቀባብለው ክርክርን በስምምነት ከዘጉ፣ ቁጥር 3312 ያን ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያየዋል። «መብቴን አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማፍረስም አይቻልም። የእርስዎ ወረቀት እንዲህ ያለ የዕርቅ ስምምነት ነው ወይስ እርስዎ ብቻ ግዴታ የገቡበት ጽሑፍ፣ ሳላነበው አልፈርድም። ማንም ጠበቃ ሳያነበው እንዲፈርድልዎት አይፍቀዱ።

ይህ ወጥመድ ጎረቤትዎንም ይይዛል። ተቃራኒው ወረቀትም ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፦ «ይህን ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም አልጠይቅም።» ጀሶው ገና ሳይፈታ፣ አጥንቱ ይግጠም አይግጠም ሳይታወቅ ይፈረማል። በኋላ እጅ ሲጣመም የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። እንዲህ አስፈርመዋቸው ከሆነም ለጠበቃዎ ይንገሩ። የሕግ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሴትየዋ በዚያ እጃቸው ነው እንጀራ የሚጋግሩት።

ስለ ሕክምናውም መጠየቅ አለብኝ። «ወስጄ አሳክሜያቸዋለሁ» ብለዋል። የት ወሰዷቸው? ወጌሻን አልንቅም፤ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ራጅ ሳይነሡ ወጌሻ ጋ ሄደው ታሽተው ከሆነ፣ አጥንቱ ሳይገጥም የቀረው በመውደቃቸው ነው ወይስ በመታሸታቸው የሚል ክርክር ይነሣል። ወጌሻውን የመረጡት እርስዎ ከሆኑ ክርክሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ሆስፒታል ሂጂ ተብለው እሳቸው እምቢ ብለው ከሆነ ደግሞ ካሳውን ሊቀንስልዎት ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድና ራጅ ወሳኝ ነው። ካለ ቅጂውን ይያዙ። ከሌለ እንደሌለ ለጠበቃዎ ይንገሩ።

ጥፍሩ ቧጭሯቸው ነበር? ይህንንም አልጻፉም። ውሻ ባይነክስም ጭረትና ቁስል ላይ የነካ ምራቅ ለእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል። እንዲህ ሲያጋጥም ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። ቡቺ እስካሁን ደህና ከሆነ በዚህ በኩል ሥጋቱ አልፏል። የክትባት ወረቀቱ ካለ ይፈልጉት፤ ከሌለ አሁኑኑ ያስከትቡት። ስንቱ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ደንግጦ ውሻውን በመርዝ ይገድላል! አያድርጉት። ጤነኛ ሆኖ በሕይወት ያለ ውሻ ለእርስዎም ለጎረቤትዎም ማስረጃ ነው።

ከእንግዲህ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ቡቺ ይታሰር፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። ልጆቹም ሠራተኛዋም ይህን ቅደም ተከተል ይወቁ። ከጉዳቱ በኋላ ያው ውሻ ሌላ ሰው ቢጥል «አላወቅሁም ነበር» የሚል ቃል ከአፍዎ ሊወጣ አይችልም።

ስለ ቅዳሜው ልንገርዎት። ሽማግሌዎቹን ይቀበሏቸው፣ ያክብሯቸው፤ ሽምግልናን ጥሎ ፍርድ ቤት መሮጥ አልመክርም። ጎረቤትዎንም መጠየቅ አያቋርጡ። ምግብ ይዞ መሄድ፣ እንጀራ ጋግሮ ማድረስ ጥፋት ማመን አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ አይክሰስዎት። ልጃቸው እናቱ በመጎዳታቸው ነው የተቆጣው፤ ቃል አይመልሱለት። ገንዘብ ከከፈሉ ግን በደረሰኝ ወይም በባንክ ይክፈሉ፤ በእጅ የተሰጠ ብር በዓመቱ «አልተቀበልኩም» ይባላል።

አዲስ ስምምነት ከተጻፈ ልክ ይኑረው። ጉዳቱ በስሙ ይጠቀስ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ የደረሰ የእጅ አንጓ ስብራት። ወጪው በሕክምና ደረሰኝ የተረጋገጠ ይሁን፤ ከፍተኛው የብር መጠንና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ኦፕሬሽኑ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የአጥንት ሐኪም በጽሑፍ ይወስን፤ እርስዎም ልጃቸውም አይደላችሁም። እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል ከሆነ አዲስ አበባ ለምን እንደሚኬድ ሐኪሙ ያስረዳ። የቀረባቸው ገቢ ሲሰላ ለማን ምን ያህል እንጀራ ያስረክቡ እንደነበር በእርጋታ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ ሰው በቀላሉ ይስማማል። የድሮው ወረቀት በአዲሱ መተካቱም በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ ሁለት ወረቀት ተሸክመው ይቀራሉ።

ከቅዳሜ በፊት የድሮውን ወረቀት ቅጂ፣ ያወጡትን ወጪ ደረሰኞች፣ የሕክምና ካርዱን ቅጂ እና በዕለቱ በር ላይ የነበሩትን ሰዎች ስም ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ። አቅም ካጠረዎት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለው ነፃ የሕግ ድጋፍ እዚያ ሄደው ይጠይቁ። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ «በሽማግሌ ተይዟል» ብለው እንዳይቀሩ፤ ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል።

ወረቀቱን ጠበቃ እስኪያየው፣ የሐኪሙም ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ቅዳሜ ምንም አይፈርሙ። ለሽማግሌዎቹ «የሐኪሙ ወረቀት ይምጣና በልኩ እንስማማ» ብለው ቀጠሮ ይለምኗቸው።